የጎደለችው ሊትር

ሰው የሚወደውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ ሊጠረጥረው እንደሚችል እድላዊት ያወቀችው በዚያ ክረምት ነው። ከዚያ በፊት ይህን ብትነግሯት ትስቅባችሁ ነበር። ክንፈን ልትጠረጥር? ዝናብ ቢደበድበው፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ ቢውጠው፣ የሱቁ መዝጊያ ከመውረዱ በፊት ደርሶ "እንዴት ዋልሽ?" የሚላትን ሰው?

ሱቁ መቱ ገበያ አጠገብ ያለው የእናቷ የከብት መድኃኒት መደብር ነው። እናቷ እትዬ ምንዳዬ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ በአንድ እጃቸው ሱቁን፣ በሌላው ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው የኖሩ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሴት ናቸው። እድላዊት መድኃኒት ትሸጣለች። ታላቅ ወንድሟ ጥበቡ ዕቃ ያስመጣል፣ ነዳጅ ያፈላልጋል፣ ሰው ይጠረጥራል። የመጨረሻውን ሥራ እንኳ ማንም አልሰጠውም፤ በራሱ ፈቃድ የያዘው ነው።

ክንፈ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን መድኃኒቱን ኖፓ ላለችው ደንበኛቸው ለዲሪቤ ያደርሳል። ወላጆቹ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አድጎ፣ ኦሮምኛውን አፉን የፈታበት ያህል የሚናገር የኢሉባቦር ልጅ ነው። የእትዬ ምንዳዬ ዘመዶች ግን ዛሬም "የሰፋሪ ልጅ" ይሉታል። የእነሱም አያት ከሸዋ በቅሎ ጭነው ነው የመጡት፤ ልዩነቱ ቀደም ብለው መምጣታቸው ብቻ ነው። ቀድሞ የመጣ ሰው ሲቆይ ግን እዚያው የበቀለ ይመስለዋል።

ሞተሩን ክንፈ የገዛው ጋምቤላ ውስጥ ከጨረታ ነው። አሮጌ ነው፤ ነገር ግን ለረጅም ጉዞ የተሠራ፣ ግራና ቀኙ የብረት ሳጥን ያለው፣ ከፊቱ የንፋስ መከላከያ የተገጠመለት፣ በመቱ ባጃጆች መካከል ሲቆም በጥጆች መሐል የገባ በሬ የሚመስል ሞተር ነው። ሰዉም "የክንፈ በሬ" ብሎ ሰየመለት። ያጠራቀመውን ሁሉ አፍስሶበታል። ሳጥኖቹ የመድኃኒት ጠርሙስ ሳይሰብሩ ስለሚያደርሱ እትዬ ምንዳዬ ወደዱትና ተዋዋሉ፤ ሞተሩ የእሱ፣ ቤንዚኑ የእነሱ።

እድላዊትና ክንፈም በዚያው ተዋዋሉ፤ የእነሱ ውል ግን ምስክር አልነበረውም። ዝናቡ ሲያባራ ሽማግሌ ሊልክ፣ እሷም እስከዚያ እናቷን ቀስ እያለች ልታለሳልስ ተስማምተዋል። የሚገናኙት ሳጥኑ በሚራገፍባት አፍታ ብቻ ነው። ባዶውን ካርቶን ሲያቀብላት ጣቱ ጣቷን ይነካል፣ እሷ ቀና ትላለች፣ እሱ ያቀረቅራል። በዚያች አፍታ ለቀናት ትኖራለች።

ነገር የመጣው ከቤንዚኑ ነው። በዚያ ክረምት ቤንዚን ከመቱ ጠፋ። ማደያው አንድ ቀን ሰጥቶ ሳምንት ይዘጋል፤ የሚገኘውም ከአጥር ጀርባ በውሃ ጠርሙስ፣ በሃይላንድ፣ በሦስት እጥፍ ይሸጣል። ጥበቡ ሰልፍ ቆሞ ያመጣትን ቤንዚን እንደ ጠበል ነበር የሚሰፍራት። ክንፈ ከኖፓ በተመለሰ ቁጥር የአንድ ሊትር ሃይላንዶቹን ደርድሮ ይጠብቀውና ታንኩን እስከ አፉ ጢም ያደርገዋል። ጠዋት ጢም ብሎ ወጥቷል፣ ማታ ጢም ለማለት የፈለገው ቀኑን የጠጣው ነው። ሁልጊዜም አራት ሊትር ይፈልግ ነበር።

"ጋራዥ ጠይቄአለሁ" አለ ጥበቡ አንድ ምሽት። "እንዲህ ያለ ሞተር ኖፓን በሦስት ሊትር ደርሶ ይመለሳል። አራተኛዋ የት ነው የምትሄደው?"

"አሮጌ ነው፣ ጋሼ ጥበቡ" አለ ክንፈ። "አሮጌ ሞተር ይበላል።"

"አሮጌ ሞተር ዘይት ይበላል። ሃይላንድ ሙሉ ቤንዚን የሚበላው ግን ሰው ነው።"

እድላዊት በወንድሟ አፈረች። እትዬ ምንዳዬ ግን ነገር በሐሜት ሲያድር አይወዱም። "ማክሰኞ እድላዊት አብራው ትሄዳለች" አሉ። "ከዲሪቤ ጋር የምንተሳሰበውም ዕቃ አለ። ያየችውን ትነግረናለች፣ ከዚያ በኋላ ሁላችሁም ዝም ትላላችሁ።"

ማክሰኞ ለእድላዊት ዓመት በዓል ነበር። ዝናቡ ለጥቂት ሰዓት ታግሷል፤ ጫካው ይንጠባጠባል፣ መንገዱ ቀይ ነው፣ ከየጉብታው ሥር ውሃ ይወርዳል። ክንፈ የዕንቁላል ቅርጫት የያዘ ይመስል በርጋታ ይነዳል። ጋዙን ቀስ አድርጎ ይሰጣል፣ ቁልቁለቱን በሞተሩ ክብደት ይወርዳል፣ ጭቃ ሲያይ ከሩቁ ይቀንሳል። ኖፓ ሲደርሱ ዲሪቤ ሻይ አቀረበችላቸው፤ ቁጭ ብለው ጠጡ። ሲመለሱም እንደ አካሄዳቸው ነበር።

"ይመሽብሻል፣ ልፍጠን?" አላት ከመንገዱ እኩሌታ ላይ።

"የት ልደርስ ብዬ?" አለችው። ትከሻው ሲስቅ ተሰማት። መንገዱ ጎሬን አልፎ ጋምቤላ ድረስ ቢቀጥል አትጠላም ነበር።

ሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ ጥበቡ ሃይላንዶቹን ደርድሮ ቆሟል። አንዷን ገለበጠ። ሁለተኛዋን ገለበጠ። ሦስተኛዋ ስታልቅ ቤንዚኑ ከታንኩ አፍ ላይ ብቅ አለና ቆመ። አራተኛዋ ሃይላንድ ሳትከፈት በእጁ ቀረች። የእድላዊት ልብ በመጀመሪያ በደስታ ዘለለ፤ ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ወዲያው ግን የወንድሟን ፊት አየችና የዘለለው ልቧ ወደቀ።

"እንግዲህ አሮጌ ነው የተባለው ሞተር ይሄ ነው" አለ ጥበቡ። "ያውም ሁለት ሰው ጭኖ። ምስክር ከኋላው ሲቀመጥ ሦስት፣ ብቻውን ሲሆን አራት። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይሉ የለ።"

ክንፈ አልተቆጣም። ሦስቱን ባዶ ሃይላንዶች ግራ እንደተጋባ ሰው አያቸው። ከዚያ እድላዊትን አየ፤ ከሁሉም በፊት እሷን። ያን ጊዜ ነው እድላዊት ዕድሜ ልኳን የምትቆጭበትን ነገር ያደረገችው። በልቧ "እውነት ቢሆንስ?" የሚል ሐሳብ ሽው አለ፣ እሷም ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

ለክንፈ ይህ በቂ ነበር። "እትዬ ምንዳዬ፣ ሒሳቡ ልክ ነው፤ ለምን እንዲህ እንደሆነ ግን አላውቅም" አለ። "ቤንዚናችሁን አልነካሁም።" የሱቁን ባዶ ካርቶኖች ከሳጥኑ አውጥቶ በሥርዓት ደረደረና ሄደ። ለእድላዊት አንድ ቃል አልተናገራትም፤ እሷም የሚገባት ይህ እንደሆነ ተሰማት።

ማግስቱን ስልኳ ላይ መልእክት አገኘች። "አንቺ ካላመንሽኝ ሌላው ሁሉ ቢያምነኝ ምን ያደርግልኛል" ይላል። መልስ ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። "አምንሃለሁ" ብትል ትናንት የት ነበረች? "ይቅርታ" ብትል በየትኛው ፊቷ? እትዬ ምንዳዬ የልጃቸው ዓይን ማበጡን አይተው እንዳላዩ አለፉ፤ ጥበቡ ግን ድል እንዳደረገ ሰው ሌላ አመላላሽ መፈለግ ጀመረ።

ሐሙስ ጠዋት ዲሪቤ ከኖፓ ደወለች። "አካም ጅርታ፣ እድልዬ? መድኃኒቴ ነገ ይመጣል ወይስ አይመጣም?"

"ክንፈ ሥራ ትቷል" አለቻት እድላዊት።

"እኔማ ማክሰኞ ጠርጥሬ ነበር፣ ያመመው መስሎኝ" አለች ዲሪቤ። "ቁጭ ብሎ ሻይ ጠጣ። ይሄ ሰው ደጄ መመላለስ ከጀመረ ሻይ ጠጥቶ አያውቅም። ሲመጣ በርጋታ ይመጣል፣ መድኃኒትሽን ይዟላ። ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ግን ፀሐይዋን ማየት ይጀምራል። 'ሱቅ ሳይዘጋ ልድረስ' ይልና ሲነሳ፣ ማሎ፣ ዶሮዎቼ አጥር ይዘላሉ። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያስጮኸው ሲወጣ ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማል።"

እድላዊት የያዘችውን ብልቃጥ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። "ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሄደው?"

"ሁልጊዜ። ጅብ የሚያባርረው ነው የሚመስለው። እኔ እኮ በዚህ ዕድሜዬ ሱቅ ናፍቆት እንዲህ የሚሮጥ ወንድ አይቼ አላውቅም። ሲ ጃለታ፣ ልጄ። ይወድሻል፤ ሌላ ምን ልበልሽ።"

እድላዊት ስልኩን ዘግታ የከብት ጨው ጆንያ ላይ ተቀመጠች። አራተኛዋ ሊትር የት እንደምትሄድ አሁን ገባት። አልተሸጠችም፣ አልተደበቀችም። ከኖፓ እስከ መቱ ባለው ዳገትና ጭቃ ላይ፣ መዝጊያው ከመውረዱ በፊት እሷ ዘንድ ለመድረስ ስትነድ ከርማለች። ማክሰኞ ደግሞ የሚቸኩልበት ምክንያት አልነበረውም፤ የሚቸኩልላት ከኋላው ተቀምጣ ነበር። የእድላዊት ሳቅና ዕንባ አንድ ላይ መጡባት። መድኃኒት ሊገዙ የገቡ አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ ደህና ነሽ?" ብለው እስኪጠይቋት ድረስ አለቀሰች፣ ሳቀች።

ባጃጅ ይዛ ሶር ወንዝ ዳር ወረደች፤ ሰዎች ሞተር የሚያጥቡበት ቦታ። ክንፈ ሱሪውን ጠቅልሎ የሞተሩን ጭቃ እያራገፈ አገኘችው። አያት፤ እጁ ግን ሥራውን አላቆመም።

"ጥፋተኛ ነኝ" አለችው። "ሌላው ሁሉ ሲጠረጥርህ እኔ ቀና ብዬ ማየት ነበረብኝ። ዓይኔን ሰበርኩ። ይቅር በለኝ።"

"ይቅር ብዬሻለሁ" አላት፤ ድምፁ ግን ደክሟል። "ስሜ ግን ሌባ ሆኖ ቀረ። አባቴ በየገበያው ራሱን ቀና አድርጎ ለመሄድ ስንት ዓመት ፈጀበት መሰለሽ? አሁን ልጁ የቤንዚን ሌባ ነው።"

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከኖፓ ስትመለስ ለምንድነው የምትበረው?"

ፊቱ ቀላ። "ለእናንተው ቤንዚን ብዬ ነው" አለ። "ቶሎ ከደረስኩ ሞተሩ ብዙ ሰዓት አይሠራም። ብዙ ሰዓት ካልሠራ ብዙ አይጠጣም።"

"ክንፈ፣ በቅሎ ብትጋልብ ቶሎ እደርሳለሁ ብላ ገለባ ትቀንሳለች?"

ክንፈ የሞተሩን ታንክ አየ፣ ወንዙን አየ፣ እሷን አየ። የማክሰኞው ርጋታ፣ ሦስቱ ባዶ ሃይላንዶች፣ ዳገት ላይ የሚያስጮኸው ማርሽ፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጥቶበት ነበር። "አዬ ጉድ" አለ ቀስ ብሎ። "ላድን ብዬ ሳቃጥል ነው የከረምኩት።"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ" አለችው። "ግን ቤንዚን ለመቆጠብ ብቻ ነው የምትቸኩለው?"

ክንፈ በእርጥብ እጁ ፊቱን ጠረገ። "ከዘጋሽ በኋላ ከደረስኩ ሳጥኑን የሚቀበለኝ ጥበቡ ነው" አለ። "ያን ቀን ሳላይሽ አድራለሁ። ሳላይሽ ማደር አልችልም፣ እድላዊት። ከዚህ በላይ ምን ልንገርሽ።"

እድላዊት ጎንበስ ብላ ታንኩ ላይ የቀረውን ጭቃ በመዳፏ ጠረገች።

"ነገ እንደ ልማድህ ትሄዳለህ" አለችው። "እንደ ልማድህ ትመለሳለህ። እማዬን የማናግራት እኔ ነኝ።"

"ሁለተኛ አልመዘንም።"

"የምትመዘነው አንተ አይደለህም፤ የምመዘነው እኔ ነኝ። ማክሰኞ ያልተናገርኩትን ልናገር ነው።" ክንፈ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ተናገረችም። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ጥበቡ ቆሞ፣ የጎረቤቱ የብረታ ብረት ነጋዴ ኩመራ መዝጊያውን ተደግፎ እየሰማ፣ እድላዊት እናቷ ፊት ቆመች። "እማዬ፣ ክንፈን እወደዋለሁ። እሱም ይወደኛል። ቤንዚኑን የሚያቃጥለው እኔ ጋ ሲሮጥ ነው" አለች። ዓይኗ አልተሰበረም። ኩመራ የሰማውን እንዳልሰማ ለመምሰል ሳል ጀመረ።

"አሁን ደግሞ ፍቅር በሊትር ሊለካ ነው" አለ ጥበቡ።

እትዬ ምንዳዬ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ተቆጥተው ይሁን ደንግጠው ከፊታቸው አይነበብም። "ይለካ እንግዲህ" አሉ። "ነገ ጠዋት ጢም ብሎ ይውጣ፣ ሁለት ሃይላንድም ይያዝ፤ ኖፓ ሲደርስ ዲሪቤ ታንኩን ጢም ታድርገው። ስንት እንደጨመረች ለእኔ ትንገረኝ። ክዳኑን በፕላስተር ታሽገውና ትፈርምበት። እዚህ ሲደርስ እኔ ራሴ እፈታዋለሁ። ዋሽታችሁ ከሆነ ግን፣ እድላዊት፣ ይህን ስም ዳግመኛ በቤቴ አታነሺም።"

ዓርብ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። ዲሪቤ ደውላ ሲሄድ የጠጣው አንድ ሊትር ተኩል እንደሆነ፣ አሽጋም እንደፈረመች ነገረቻቸው። "ዝናቡ ግን አላስነሳውም" አለች። "ቁጭ ብሎ አይቀመጥ፣ ቆሞ አይቆም።" ከዚያ በኋላ መስመሩ ተቋረጠ።

ወሬው ገበያውን አዳርሶት ነበር። ኩመራ ሱቁን ቀድሞ ዘግቶ በረንዳቸው ላይ ተቀመጠ፤ ባጃጅ ነጂዎቹም ዝናብ የሚጠለሉ መስለው ተሰበሰቡ። ብርሃኑ እየደከመ ሄደ። እድላዊት ባንኮኒውን ሁለት ጊዜ ጠረገችው፣ የተደረደረውን ብልቃጥ እንደገና ደረደረች።

"ሰዓቱ ደርሷል" አሉ እትዬ ምንዳዬ። "ዝጊ።"

መዝጊያውን ያዘች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን የከበደ ብረት ይዛ አታውቅም። ወደ ታች ስባው ግማሽ ላይ ሲደርስ ከገበያው ማዶ ድምፅ ተሰማ፤ በሁለተኛ ማርሽ የሚጮህ፣ ዳገት የሚቦጭቅ፣ ማንንም የማይጠብቅ ድምፅ። ባጃጅ ነጂዎቹ መንገድ ለቀቁ። ሞተሩ ደጃፉ ላይ ተንሸራቶ ሲቆም ከሰውየው ላይ ከጭቃ በስተቀር የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነበር። ዓይኑም መዝጊያውን የያዘችውን ልጅ እንጂ ሌላ ሰው አላየም።

"እንዴት ዋልሽ?" አላት ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

"ደህና ዋልኩ" አለችው፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ቀና ብላ።

እትዬ ምንዳዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ወረዱ። ፊርማውን አዩ፣ ፕላስተሩን በጥፍራቸው ላጡት፣ ለጥበቡ "ሙላ" አሉት። አንዷ ሃይላንድ ገባች። ሁለተኛዋ ገባች። ታንኩ ገና ነው። ጥበቡ ሦስተኛዋን ሲያነሳ ጎንበስ ብሎ ወደ ታንኩ አፍ ተመለከተ። ግማሽዋ ስትገባ ቤንዚኑ ብቅ አለ።

"ሁለት ተኩል" አለ ኩመራ ማንም ሳይጠይቀው። "ከጠዋቱ ጋር አራት። ልጁ ንጹሕ ነው።" ባጃጅ ነጂዎቹ ጥሩንባቸውን ለቀቁት፤ ገበያው ሠርግ የገባበት መሰለ።

ጥበቡ ግማሽዋን ሃይላንድ በእጁ እንደያዘ ቆየ። ተጠራጣሪ እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። "ስምህን አጉድፌአለሁ" አለው ለክንፈ። "ሰው ፊት ያልኩትን ሰው ፊት አነሣሁት። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።" ክንፈ ጭቃማ እጁን ሊጠርግ ሲል ጥበቡ ሳያስጠርገው ጨበጠው።

እትዬ ምንዳዬ ግን ገና አልጨረሱም። "አንተ" አሉት ክንፈን። "ይህን ሁሉ የምትጋልበው ሱቄ እንዳይዘጋብህ ነው?"

"አይደለም፣ እትዬ ምንዳዬ" አለ ክንፈ። ከዚያ በፊት ፊታቸው አቀርቅሮ ካልሆነ ተናግሮ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ቀና ብሎ አያቸው። "እሷ ሳትሄድብኝ ብዬ ነው።"

እድላዊት ከአባቷ ሞት ወዲህ አይታው የማታውቀው ፈገግታ በእትዬ ምንዳዬ ፊት ላይ መጣ። "እኔ ነጋዴ ነኝ" አሉ። "ብቻህን ስትሄድ አራት፣ ልጄን ይዘህ ስትሄድ ሦስት። በዚህ የቤንዚን ዘመን አንተን ብቻህን መተው ኪሳራ ነው።" በረንዳው በሳቅ ሲናጋ እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኙት፤ ድምፃቸውም ተለወጠ። "ዝናቡ ሲያባራ ሽማግሌዎችህን ላክ። አባትህም ራሳቸው ይምጡ። ከዘመዶቼ ሁሉ ፊት፣ ከላይኛው ወንበር ላይ ነው የማስቀምጣቸው።"

በክንፈ ፊት ጭቃ ላይ ዕንባው መንገድ አበጅቶ ሲወርድ እድላዊት አየች። መዝጊያውን ግማሽ ላይ ትታ፣ ዝናቡን አቋርጣ ወደ እሱ ሄደችና ያንን ጭቃማ እጅ በሁለት እጇ ያዘችው። ማንም አልከለከላትም።